ከጋዜጣው ሥር የነበረው ደብተር

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን ገና ሳላወልቅ፣ ከተከራይዋ ክፍል የክራር ድምፅ ሰማሁ...

ተከራይዬ ትርሃስ ትባላለች። የአበርገሌ ልጅ ናት፤ እዚህ ሰቆጣ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። አባቷ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይዘውላት ይመጣሉ። የማሽላውን ዱቄት ከአህያው ሳያወርዱ «ተማሪ ናት ወይስ አዝማሪ?» ይሉኛል። እኔም «ታጠናለች» ብዬ አልፈዋለሁ።

ታጠናለችም። ግን ከትምህርት ስትወጣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ክራር ትመታለች፤ የፊዚክስ ደብተሯንም ከፊት በኩል በቀመር፣ ከጀርባ በኩል በግጥም ትሞላዋለች። የጻፈችውን ቴሌግራም ላይ ትለቀዋለች። ከሰቆጣ ወጥተው በየአገሩ ያሉ ልጆች ያነቡላታል። እኔም አልፎ አልፎ አነባታለሁ፤ እሷ ግን አታውቅም።

የእሁዱ ዘፈን አዲስ ነበር።

«አባቴ ሲስቅ ጢሙ ይቀድማል፣
እናቴ ዝም ብትል ቤቱ ይሰማል...»

እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሲስቅ ጢሙ የሚቀድም ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው... ባሌ። ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ትርሃስ አይታው አታውቅም።

«ይህን ከየት አመጣሽው ልጄ?»

«ከግድግዳው ነው እማማ» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት በጣለው ዝናብ የክፍሏ ቆርቆሮ አፍስሶ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ ተላጥቷል። ከሥሩ የደብተር ገጾች ብቅ ብለዋል... ክብ ክብ ባለ የልጅ እጅ ጽሕፈት።

ጽሕፈቱን አወቅሁት። የልጄ የየሺ ነው።

ያኔ፣ ባሌ በሕይወት ሳለ፣ የሺ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ጽጽቃ አክስቷ ዘንድ ክረምቱን ልታሳልፍ ሄዳ ነበር። እኔ ለሻደይ በዓል ቤቱን ላሳምር ብዬ የዱቄት ሙጫ አፍልቼ ግድግዳ መለጠፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስንጥቁ በአሮጌ ወረቀት ይደፈናል፤ ጋዜጣ ከላይ ይመጣል። አንድ ቀይ ልባስ ያለው ደብተር አገኘሁ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ተጽፎበታል። ማንበብ አልችልም ነበር። ለእኔ የሞላ ደብተር ያለቀ ደብተር ነው... እየገነጠልኩ ለጠፍኩት።

የሺ እንደተመለሰች መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀዩን ደብተር ነው። ያኔ ገባኝ። «አላየሁም» አልኳት።

አላየሁም። አንድ ቃል ናት።

ደብተሩን ከእሷ ሌላ የምታውቀው ጓደኛዋ ወለላ ብቻ ነበረች። የሺ «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» ብላ ተጣላቻት። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም፤ የሺም ግጥም አልጻፈችም። ወለላ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ትስማለች። ከስድብ ይልቅ እሱ ነበር የሚያመኝ።

ባሌ ሲሞት ብቻዬን ፊደል የቆጠርኩት ከዚያው ከግድግዳው ጋዜጣ ነው። ላዩን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩት። ሥሩን ግን ልገልጠው አልደፈርኩም።

«ይህን ለቀሽዋል እንዴ?» አልኳት ትርሃስን።

«አርብ ነው የለቀቅሁት። የደብተሩ ባለቤት ማን ናት ብዬም ጠይቄአለሁ። ካልወደዱት ግን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ እማማ።»

አልጋዬ ሥር የተጠቀለለ ጋዜጣ አለ። ሙጫ ለማፍላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሺ ባሕር ዳር ናት፤ እስካሁን አላየችውም ይሆናል። «አጥፊው» ልል አፌን ከፈትኩ...

«የልጄ ነው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ትርሃስ ክራሩን አልጋው ላይ አስቀመጠችና «እንግዲያው ከቴሌግራም አትስማው፤ እርስዎ ይንገሯት» አለችኝ።

ደወልኩ። ሁሉንም ሳላቋርጥ ነገርኳት። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

«ወለላ በማርያም ምላልኝ ነበር እኮ እማዬ... አላመንኳትም።»

«ስትምል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአባዬ ጢም ያለበት... እሱም አለ?» አለችኝ።

ትርሃስ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም፤ ክራሯን አነሳች። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ ልቅሶ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳቅ። ሳቋ የአባቷ ነው።

ቁርጥ አድርጋ ይቅር ብየሻለሁ አላለችኝም። «አልተናደድኩም እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ግን አንድ ገጽ እንዳትነኪ፤ መጥቼ አነበዋለሁ። ለወለላም ዛሬውኑ እደውላለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ወለላ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። «እንግዲህ ሌባ አይደለሁማ?» አለችኝ እየሳቀች። እንደ ልማዷ ወደ ጉልበቴ ጎንበስ ስትል ቀድሜ እጇን ያዝኩና ሳምኩት። ተያይዘን አለቀስን።

ትናንት የትርሃስ አባት መጡ። አህያው ሳይራገፍ ያችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሁለቱም ናት» አልኳቸው።

«ፊዚክሱ ብቻ እንዳይቀር» አሉና ዱቄቱን ማውረድ ጀመሩ። ሊወጡ ሲሉ ቀና ብለው ጣሪያውን አይተው «ይሄ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ አሁኑኑ ልምታልዎት» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳቸው። «ያኛው ግድግዳ ገና ተልጦ አልተነበበም።»