ዳውድ ያልከፈተው ክፍል

ዳውድን ያወቅኩት ሳጃና ሰፈር ካለችው ምግብ ቤቴ ጓዳውን ሲከራየኝ ነው። እዚሁ ካርቱም ተወልዶ ያደገ የወሎዬዎች ልጅ ነው፤ አማርኛው ግማሹ ዓረብኛ ነው፣ ግትርነቱ ግን ሙሉ በሙሉ የአገር ቤት። ጓዳዬ ውስጥ ኮምፒውተር ተከለና በየቪላው ለሚሠሩ ሴቶቻችን የድምፅ መልእክት ማስቀመጫ አበጀ። አንዷ ደውላ ለጓደኛዋ መልእክት ትተዋለች፤ ጓደኛዋ በምስጢር ቁጥሯ ገብታ ትሰማለች።

ለእያንዳንዷ ሴት ኮምፒውተሩ ውስጥ የራሷን ክፍል ሰጣት፤ በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ ኮንቴይነር ይሉታል።

"እትዬ ሙላቷ፣ እንደ ሆሽ ይዩት" ይለኝ ነበር። "አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ግቢው የሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ቁጥር አንድ ነኝ ይላል። በረኛው እኔ ግን ከውጭ ሁሉንም አያለሁ።"

የሚያየው ፕሮክ በሚባል ማህደር በኩል ነው። ኮምፒውተሩ ለሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ እዚያ አንዳንድ ፎልደር ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ያልተሰማ መልእክት ይኑረው አይኑረው እዚያ ይታያል። ወደ ክፍሉ ውስጥ የሚያስገባ በርም አለው። ያን በር ግን ዳውድ ነክቶት አያውቅም። "የሰው ገመና አይከፈትም፣ ወላሂ!"

መልእክቶቹንም ዲስክ ላይ አይጽፋቸውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ሜሞሪ ብቻ ይይዛቸዋል። ሴቶቹ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውማ፤ ፖሊስ ለከሻ መጥቶ የውጭ ሰው ሲያፍስ ኮምፒውተሩን ቢወስድ ባዶውን እንዲያገኘው ነው። ለራሱ እንኳ ክፍል አልሠራም። "በረኛ ምን ክፍል አለው?" እያለ ይስቃል። እኔም ለአንተ መቃብር ጥበቃ ይሻልሃል እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ሚስቱ ዛሂራ ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር፣ ሰው ቤት እያደረች ትሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ድልድዩ ተዘጋ፤ የሱን ስልክ ደግሞ ታጣቂዎች ኬላ ላይ ቀሙት። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ ጠፋ። ሰውዬው በሐሳብ አለቀ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ማየት አልተወም። የኒዕማ ክፍል ያልተሰማ መልእክት አለ ይለዋል። ኒዕማ የዛሂራ ጓደኛ ናት፤ ገና ተኩሱ ሲጀመር ወደ ገዳሪፍ ሸሽታለች። "ስትደውል ትሰማዋለች፣ ኢንሻአላህ" ይልና ያልፈዋል።

አንድ ቀን የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጣራችን ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሶላር ሰባበረው። ባትሪው ሊያልቅ ሆነ። ዳውድ መልእክቱ ሁሉ አብሮ ይጥፋ ሲል ደሜ ፈላ።

"ገመና ገመና ስትል የሰው ድምፅ ሊቀር ነው እኮ! ያላ፣ አውጣው!"

በፎልደሩ በር ገባና ከኒዕማ ክፍል ጀመረ። የቀዳው በትክክል መውጣቱን ለማየት ድምፁን ከፈተው። ዛሂራ ነበረች።

"ኒዕማዬ፣ የዳውድ ስልክ እምቢ አለኝ፣ እባክሽ ንገሪልኝ። አሠሪዎቼ ወደ ሸንዲ ሊወጡ ነው፤ መኪናው ላይ ለሱም ቦታ ለምኜለታለሁ። እስከ ጁምዓ ይምጣ። ካልመጣ እኔም አልሄድም፣ እዚሁ እጠብቀዋለሁ።"

ጁምዓ ካለፈ ሰንብቷል። እኔ ጮኼ አለቀስኩ።

"አይቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ" አለኝ ዳውድ። "በየቀኑ አይቼዋለሁ።"

በማግስቱ በጀልባ ወደ ካፉሪ ተሻገረ። የጎረቤቱ ቪላ ዘበኛ ሁሉንም ነገረው። ባለቤቶቹ ሲሄዱ ዛሂራ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ጠበቀችው። በመጨረሻ "ዳውድ ታሞ ነው እንጂ አይቀርም፣ እኔ ልሂድለት" ብላ በእግሯ ወጣች። ሳጃና አልደረሰችም። የት እንደቀረችም ያየ ሰው አልተገኘም።

ሰፈሩ ተራቁቶ እኔም ወደ ገዳሪፍ ልወጣ ጓዜን ስሸክፍ፣ ከማዶ የተመለሰውን ዳውድን ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። "ልጄ፣ በቃ፣ ተነስ" አልኩት።

"እሷ እኮ የወጣችው ወደዚህ ነው፣ እትዬ" አለኝ።