ጉልበት ታጥፎ የሚለካ ልብስ

ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ ፍናን አድማሱን የማያውቃት የለም፤ ቢያንስ ፊቷን። ወርቃማ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ የተነሳችው ትልቅ ፎቶ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ መስኮት ላይ ከተለጠፈ ቆይቷል። ገዢዎች «ይቺ ቆንጆ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። አባቷ ጋሼ አድማሱ ግን ታክሲያቸውን እዚያው ፊት ለፊት ፓርክ አድርገው ምሳቸውን ሲበሉ ወደ መስኮቱ ዞር አይሉም።

ሞዴልነቱን ያመጣው ዳንሱ ነው፤ ዳንሱ ደግሞ በጣሪያ በኩል መጣ። ቤተሰቡ ክሬንሾው ሰፈር ሲኖር ከበላያቸው ፎቅ ወይዘሮ ሱጃታ የሚባሉ ህንዳዊት ባራታናትያም ያስተምሩ ነበር፤ በባዶ እግር ወለሉን እየመቱ የሚጨፈር የደቡብ ህንድ ዳንስ ነው። ቤተሰቡ በጩኸቱ ሲያማርር፣ ያኔ በወንድ ስም የምትጠራው ፍናን ታች ሆና ምቱን ትመልስ ነበር። መምህሯ አንድ ቀን ወርደው ከታች የሚመታው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ምቱን አይስትም ነበርና። ከዚያ ወዲያ የፍናን ውሎ እላይ፣ መምህሯ ቤት ሆነ።

አድጋ ሴት መሆኗን ስትናገር እናቷ አልቅሰው አልቅሰው ለመዱ። ጋሼ አድማሱ አላባረሯትም፣ አልተቀበሏትምም። ሥራ ያደርሷታል፤ መንገድ ላይ የሚያወሩት ግን ስለ ትራፊክ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ነርስ ሆና «ዶክተሩ አሁን ይመጣል» ስትል እንኳ ቻናል ይቀይራሉ። እሷ «እስካሁን ያልመጣ ዶክተር ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

በፈረንጆች 2016 መምህሯ ብቻዋን ሙሉ ዝግጅት እንድታሳይ ፈቀዱላት፤ ቅዳሜ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ ባለ አነስተኛ ቲያትር ቤት። በዚያ ቀን ወላጆች ከፊት ይቀመጣሉ። አባቷን ስትጠራቸው መልሳቸው አጭር ነበር።

«ቅዳሜ ኤርፖርት ነኝ።»

የዳንሱን ልብስ ለመስፋት የያዘችው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ እታገኘሁ ናት። የሐበሻ ቀሚስና ካባ እጇ ነው፤ ቀዩንም ሐር እንደ ቀሚስ፣ ፍናንን ቀጥ አድርጋ አቁማ ለክታ ቆረጠችው። ሐሙስ ሲሞከር ቆማ አማረባት። ጉልበቷን ወደ ጎን ከፍታ ዝቅ ስትል ግን በእግሮቿ መሀል እንደ ማራገቢያ ሊዘረጋ የሚገባው ሽንሽን ተወጠረና ስፌቱ ተተረተረ።

«እኔ የሰፋሁት ለቆመ ሰው ነው» አለች እታገኘሁ።

«ቆሜማ ፎቶ እነሳለሁ። ዳንሱ እንዲህ ነው።»

ጋሼ አድማሱ ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆመዋል። እታገኘሁ ሥራ የፈታ እጅ ማየት ስለማትወድ የሜትሩን ጫፍ አስያዘቻቸው። እሳቸው ወገቧ ላይ ይዘው፣ እሷ በጉልበቷ ዙሪያ አድርጋ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካች። ፍናን ዝቅ እንዳለች ቆየች፤ አልተንቀጠቀጠችም።

«አያምም?» አሉ ጋሼ አድማሱ።

«ያማል። ይለመዳል።»

ጨርቁ አነሰ። አንድ ዓይነቱ ሐር የሚገኘው አርቴዥያ፣ ህንዶቹ ሱቅ ነው። እታገኘሁ ቁራጭ ቆርጣ ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ድራይቭ ያድርጉ፣ እሷ ትተርትር። ሳይከራከሩ ሄዱ።

ሲመለሱ ሐሩ ልክ ነበር። ከላዩ ግን በወረቀት የተጠቀለለ፣ በክር የተሰካ ጃስሚን አበባ አስቀመጡ።

«ይሄስ?» አለች እታገኘሁ።

«ሰውየው ለማን ነው አለኝ። ሴት ልጄ ቅዳሜ ትጨፍራለች አልኩት። ሶ፣ ለጸጉሯ ይሄ ያስፈልጋታል አለኝ።»

ፍናን ጎንበስ ብላ ለዳንሱ እግሯ ላይ ያሰረቻቸውን ቃጭሎች እየፈታች ነበር። አንዱን ቋጠሮ መፍታት በጣም ቆየባት።

አበባው ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን እስከ ቅዳሜ አልበረከተም፤ ጠወለገ። ጋሼ አድማሱ ቅዳሜ ጠዋት ኤርፖርቱን ትተው ሌላ ሊገዙ አርቴዥያ ተመለሱ። ማታ ከባለቤታቸውና ከእታገኘሁ ጋር ከፊት ተቀመጡ። ፍናን በመጀመሪያው ምት ጉልበቷን ከፍታ ዝቅ አለች፤ ሽንሽኑ እስከ ጫፉ ተዘረጋ።

ጋሼ አድማሱ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ ወደ እታገኘሁ ዘንበል አሉ።

«ስፌቱ ያዘ» አሉ።