የብልባላ ዝናብ በኅዳር

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቃችን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው፣ "የዝናቡን መረጃ የምንተነትንበትንና ግራፍ የምንሠራበትን ፕሮግራም አንቺ ምረጪልን፤ ስታቲስቲክስ የተማርሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ሁሉም ነገር የተጀመረው ያን ሰዓት ነው። "እሺ" አልኩ። ለአለቃ ከእሺ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

መሥሪያ ቤታችን ላሊበላ ያለ አነስተኛ የተፋሰስ ፕሮጀክት ነው። በየቀበሌው ዝናብ የሚለኩልን፣ ታዛቢ የምንላቸው ገበሬዎች አሉ። ጓሯቸው ውስጥ መለኪያ ተተክሎላቸዋል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ አንብበው ይመዘግባሉ። የትውልድ ቀበሌዬ የብልባላ ታዛቢ አባቴ ናቸው። መለኪያው ሲተከልላቸው ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አጉድለው አያውቁም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ብድግ ይላሉ፤ ጎረቤቶቻችን "ተዉአቸው፣ ደመናው ቀጥሯቸዋል" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ይጽፋሉ።

"ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም" ይሉኝ ነበር። "ዜሮ ማለት ወጥቼ አየሁ፣ አልዘነበም ማለት ነው። ባዶ ማለት ሰው አልነበረም ማለት ነው።"

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ጎደለ መረጃ ስማር፣ መምህሩ የሚሉትን ቀድሜ ከአባቴ ሰምቼው ነበር።

ሦስት ፕሮግራሞች ሞከርኩ። አንደኛው ሁላችንም የለመድነው ዓይነት ሰንጠረዥ ነው፤ የብዙ ዓመት መረጃ ሲጫንበት ይንቀራፈፋል። ሁለተኛው በነፃ የሚገኝ፣ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩት ነው። የተማርኩት በእሱ ነው፤ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚለውጥ አጭር ትእዛዝም ጽፌለት ነበር። ሦስተኛው መረጃውን ሲያስገቡለት ወዲያው ባለቀለም ግራፍ ያወጣል።

የሚሻለው ሁለተኛው መሆኑን አውቅ ነበር። ግን እሱን ከመረጥኩ ባልደረቦቼ ፊት ቆሜ አጠቃቀሙን ማስተማሬ ነው። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልበትም። ሦስተኛው አስተማሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥኩ። ምክንያቴን በሁለት ገጽ አስቀመጥኩ፤ ለአጠቃቀም ቀላል ነው፣ ግራፉ ያምራል አልኩ። ዓይን አፋርነቴን የትም አልጻፍኩትም።

ሌላም ጥንቃቄ አደረግኩ። የሌሎቹ ታዛቢዎች ንባብ በስልክ መልእክት ስለሚመጣ፣ ቀኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ራሱ ይመዘገባል። አባቴ ያሉበት ኔትወርክ ስለማይደርስ የሳቸው በወረቀት፣ በእኛው ቀን ነው የሚመጣው። "ለአባቷ አሳመረችላቸው" እንዳይባል፣ የሳቸውን ወረቀት አጠገቤ ለሚሠራው ባልደረባዬ ሰጠሁት።

"ምነው፣ የአባትሽን ዝናብ እንዳትሰርቂ ፈራሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ቀኑ መለወጥ እንዳለበት አልነገርኩትም። ትእዛዙን ለሌላኛው ፕሮግራም ጽፌ ስለነበር፣ በሐሳቤ ያለቀ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። አስገብቶ ሲጨርስም ግራፉን አልከፈትኩትም። እጄ እንዳይገባበት ብዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሚቀጥሉ የሚወስኑ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጡ። ሁላችንም ተሰበሰብን። ግራፎቹን ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ እያሳለፉ ብልባላ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ምንድን ነው? በኖቬምበርና በዲሴምበር ይህን ሁሉ ዝናብ? ገብስ በሚታጨድበት በኅዳር?" ዞር ብለው አዩን። "በክረምት ደግሞ ጠብ አላለም። እኚህ ሰውዬ ጠላቸውን እየጠጡ ነው እንዴ ቅጹን የሚሞሉት?"

ባልደረባዬ ሳቀ፤ ወዲያው ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ። ከባለሙያው በቀር ሁሉም፣ ታዛቢው የማን አባት እንደሆኑ ያውቃል።

እኔ ገና ግራፉ እንደወጣ ገብቶኛል። ሐምሌ የእኛ አሥራ አንደኛ ወር ነው፤ ለፕሮግራሙ አሥራ አንደኛው ወር ኖቬምበር ነው። የአባቴን ክረምት በሙሉ ወስዶ መኸር ላይ አፍስሶታል። ጳጉሜንን ጭራሽ አልተቀበለም፤ "ጎደሎ ቀናት" ብሎ ጥሎታል። ግራፉ የየወሩን አማካይ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ዓመተ ምሕረቱን አይቶ የሚነቃ አልነበረም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አለቃችን ቀና ብለው አዩኝ። እኔም እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛውን አየሁ። ባለሙያው "የፈጠራ ንባብ፣ ይዘጋ" ብለው አስመዘገቡና ወደ ቀጣዩ ግራፍ አለፉ።

እኩለ ቀን ላይ ቀኖቹን በሙሉ ቀድሞ በጻፍኩት ትእዛዝ ለውጬ፣ አዲሱን ግራፍ አትሜ ለአለቃችን ወሰድኩላቸው። የአባቴ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አይተው መለሱልኝ።

"አይቼሽ ነበር እኮ" አሉኝ። "እንድትናገሪ ነበር የጠበቅኩሽ። አሁን ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። መለኪያውን ነቅለው ፍላቂት ለሚከፈተው ጣቢያ ሊያደርጉት መኪናው ብልባላ ሄዷል።"

በማግስቱ ዓርብ፣ በመጀመሪያው መኪና ብልባላ ሄድኩ። አባቴ ግቢ ውስጥ፣ የዓመታት ደብተሮቻቸውን ድንጋይ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። መለኪያው የነበረበት ጉድጓድ ውሃ ይዟል።

"መጣሽ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "የተሳሳትኩበትን እየፈለግኩ ነው። ሰዎቹ በኅዳር ዝናብ ጽፈዋል አሉኝ። ኅዳርን ሁሉ አየሁት፣ ዜሮ ነው። ዓይኔ ደክሞ ይሆን?"

"አባዬ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።"

ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ስብሰባው ነገርኳቸው። ግራፉን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙኝ።

"ሰውዬው ያን ሲል እዚያው ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም አላልኩም።"

ቢቆጡኝ በወደድኩ። ግራፉን አጥፈው ደብተር ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ "ስንት ሰዓት ሆነ?" አሉኝ። ስልኬን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከልማዳቸው ብድግ ብለው ወደ ጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ቆሙ።

"ሌሊቱን ደህና ጥሎ ነበር" አሉ ጉድጓዱን እያዩ። "ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ተመልሰው የዘንድሮውን ደብተርና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

"አንቺ ጻፊው።"

ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ጻፍኩ። ሚሊ ሜትር የሚለውን ባዶ ተውኩት። ታዛቢ በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ።