የኢንሻራህ ስኳርና የሙሽራዋ ቅባት

ኢንሻራህ ከግብፅ የወደብ ከተማ ከስዊዝ የወጣችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከተማው በመድፍ ሲደበደብ እናቷ ጭነት መኪና ላይ አወጣቻትና ብርድ ልብስ ለማምጣት ወደ ቤት ተመለሰች። መኪናው አልጠበቃትም። ከዚያ ወዲያ እናቷን አላየቻትም። እኛ ከተማ፣ ዱምያጥ፣ አምጥተው በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ከአራት ቤተሰብ ጋር አኖሯት። ዘይነብ የምትባል ሙሽራ አስዋቢ ከዚያ ወስዳ አሳደገቻት፤ ሙያዋንም አስተማረቻት። ሙያው ስኳርና ሎሚ አፍልቶ፣ ሙጫውን በጣት አልፍቶ፣ ፊት ላይ ለጥፎ ጸጉርን መንቀል ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈራችን ሙሽራ በእሷ እጅ ሳታልፍ አልተዳረችም። ባሏ ቀድሟት ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቤቷ ከእኔ የእንጨት መቅረጫ ሱቅ በላይ ስለሆነ ከሙሽሮቹ ጋር ስትሳሳቅ ከታች እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ረግዳ የምትባል ልጅ ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው ከእናቷ ጋር መጣች። ኢንሻራህ ሙጫውን ከጉንጯ ላይ ስታነሣ ቆዳው አብሮ ተነሣ።

«ልጄን ጠበስሻት!» አለች እናትየው። «ዓይንሽ ከደከመ አርፈሽ አትቀመጪም? ስኳር ከምታፈዪ ምስር ቀቅዪ።»

«ሙቀቱን በክንዴ ለክቼው ነበር እኮ» አለች ኢንሻራህ። የሰማት የለም።

ረግዳ በወፍራም ዱቄት ተሸፍና ተዳረች። ከዚያ በኋላ ያንን ደረጃ የወጣ ሙሽራ አልነበረም። ኢንሻራህን ይበልጥ የጎዳት ግን ራሷን መጠርጠሯ ነው። በየጠዋቱ ጥቂት ስኳር አፍልታ በገዛ ክንዷ ላይ ትለጥፍና ቆዳዋን ትመረምር ነበር። የስኳሩ ሽታ እኔ ዘንድ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን አይሰማም።

በዓመቱ ገደማ ፀሐይ ላሻከረችው ግንባሬ ሐኪም ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ቅባት አዘዘልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ አላስቀምጥም። አብሮት ያለው ወረቀት ቅባቱ ማታ በጥቂቱ እንዲቀባ፣ ፊትም ከፀሐይ እንዲከለል ያዛል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በተቀባው ቦታ ጸጉር በሙጫ እንዳይነቀል፣ ቆዳው ሊላጥ እንደሚችል ይናገራል። ነፍሰ ጡርም እንዳትጠቀምበት ይላል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኢንሻራህ ወጣሁና አነበብኩላት።

«ድገመው፣ ኡስታ ሺሐታ» አለችኝ፤ የእጅ ባለሙያን እኛ ዘንድ «ኡስታ» ይሉታል።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

«ታዲያ ልጅቱ ቀብታው ነበር?»

«ወረቀቱ እሱን በምን ያውቃል? እሷን ጠይቂያት።»

«አርግዛለች ይላሉ» አለችና ሻሿን አሰረች።

አብሬያት ሄድኩ። ረግዳ እናቷ ቤት ነበረች። በሩን የከፈተችው እናትየው ናት።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

ኢንሻራህ በእሷ በኩል አልፋ ልጅቱን ተመለከተች። «ልጄ፣ ለብጉር የምትቀቢው ነገር አለ?»

ረግዳ እናቷን አየች። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛሁት ቅባት አለ። የባሌ ቤተሰቦች ‹መልኳ ከመድኃኒት ቤት ነው› እንዳይሉኝ ደብቄው ነው።»

«ያኔም ትቀቢው ነበር?»

«በየማታው።»

«አሁንስ?»

«አንዳንዴ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ለነፍሰ ጡር አይሆንም ይላል። አትደንግጪ፣ ብቻ ነገ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።»

ስለ ራሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እናትየው መሬት መሬት እያየች «ሻይ ላፍላልሽ?» አለቻት።

«ሌላ ቀን።»

ያ ሌላ ቀን አልመጣም። ሙሽሮቹም አልተመለሱም፤ በማሽን ጸጉር የሚያነሡ ቤቶች ተከፍተው ነበር። ባለፈው የብርድ ወር፣ ከመሞቷ በፊት፣ ስሟ ጠፍቶ መቅረቱ ከብዷት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከበደኝ እንጂ» አለች። «ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሥቻለሁ። ሁልጊዜ የአንተ ኮቴ ነው። ግን ያችን ልጅ ያቃጠላት የእኔ እጅ አለመሆኑን ያወቅሁ ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሁሉ የበለጠብኝ እሱ ነው።»