ጋቢ ስር የተደበቀች እጅ

«ምች አልነበረም፤ እንዳልሆነም ታውቂያለሽ» አልኳት ታላቅ እህቴን። የአባዬን ትራስ ታስተካክላለች፤ ቀና ብላ አታየኝም። አባዬ ከሆስፒታል ወጥቷል። ቀኝ እጁ እኛ ያስቀመጥንበት ቦታ ናት። አፉ ሊናገር ይከፈታል፣ ቃል ግን አይወጣም።

ታውቅ ነበር። አባዬ ደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ጊዜ የስትሮክን ምልክት ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ፤ ፊት በአንድ ጎን ሲወርድ፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ አንዱም ቢታይ ወዲያው ሆስፒታል። አባዬን ፈገግ በል፣ ሁለት እጅህን አንሳ እያልኩ አለማመድኩት። «ጥርሴን ልትቆጥር ነው?» ይለኛል። እሷም «ዶክተር ገጣሚ» እያለች ትስቅብኛለች።

አባዬ የታመመበት እሑድ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ከጓደኞቼ ጋር ግጥም እናነብ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልጠራም። እዚህ ቤት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግን የሻይ ብርጭቆው ከአባዬ ቀኝ እጅ ወድቋል፤ አፉም ተጣሟል። እህቴ ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ አሸችና ፊቱን ቀባችው። ከዚያ በዚያው ጠዋት እሷን ለልጃቸው ለትዳር ሊጠይቁ የሚመጡት ሽማግሌዎች እንዳያዩ ቀኝ እጁን ጋቢ ውስጥ ከታ፣ ሶፋው ላይ ደግፋ አስቀመጠችው። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ አባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ መርቀው ሄዱ።

ከሰዓት ቁልቁለቱን ወርጄ ስገባ ቤቱ ዳማ ከሴ ይሸታል። «ፈገግ በል አባዬ» አልኩት። የሰማኝ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር። ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ታክሲ ውስጥ እህቴን መቼ ጀመረው ስላት «አሁን ነው» አለችኝ። ሐኪሟ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ እንደሆነ ስትጠይቅ ግን መሬት መሬቱን እያየች «ጠዋት» አለች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢደርስ የሚሰጠው መድኃኒት እንደነበር፣ አሁን ግን ጊዜው እንዳለፈ ነገረችን። ሊደገም እንደሚችልም ጭምር።

«እንደገና ቢያመው ትደውይልኛለሽ? ይህን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት አሁን እህቴን።

ትራሱን ተወችው። «እንዳትደውዪለት ያለኝ ራሱ ነው» አለች። «በዚያ በተሳሰረ አፉ ለመነኝ። መጥቶ ሰፈሩን ያተራምሳል፤ ሽማግሌዎቹ የበሽተኛ ቤት ነው ብለው ጥለው እንዳይመለሱ፤ መጀመሪያ እነሱ ይሂዱ አለኝ። ምን ላድርግ?»

ውሸቷን ነው ብዬ ወደ አባዬ ዞርኩ። ዓይኑ ከእኔ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሁለቱም፣ እኔን ብቻ ሳይጨምሩ፣ ያን ጠዋት ሙሉ አብረው አሳልፈውታል።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «አባዬ፣ እንደገና ቢያምህ እሷ እንድትደውልልኝ ከፈለግህ ግራ እጅህን አንሳ።»

ግራ እጁ ደህና ናት፤ ዛሬ ጠዋት ማንኪያ ይዞባታል። ጠበቅሁ። ግራ እጁ ግን የጋቢውን ጫፍ ያዘችና ወደ አገጩ ሳበችው።

ተነሳሁ። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ደጁን ሳላልፍ እህቴ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው።