የኦፌሊያ አረንጓዴ

ኤፍራይን ቲዩል ሚስቱን በቀበረ ማግስት ሱቁን ከፈተ። በትንሿ ከተማችን በካርቻ ይህ ብዙ አስወራ። ሬዲዮ ለጥገና ሰጥቶ የነበረው ሰው ሁሉ «ደረሰልኝ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍሮ በበሩ አጎንብሶ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ የሽቦ ልባስ በጥርሱ ይልጣል። አላለቀሰም። የሰፈሩ ሰው የቱርክ ሾርባ በየተራ ሲያመጣለት ድስቱን አጥቦ ይመልሳል፤ ምን ምን እንደሚል ቢጠይቁት ግን አያውቅም።

ኦፌሊያ ሄል ለቃሚ ነበረች። ደርቆ የመጣውን ሄል ከሌሎች ሴቶች ጋር በሄል አምራቾች ማኅበር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አረንጓዴውን ከቢጫው ትለያለች። አረንጓዴው ባሕር ይሻገራል፣ ቢጫው እዚሁ በርካሽ ይሸጣል። ከጋብቻቸው በፊትም ሥራዋ ይኸው ነበር። ወገቧ መታመም ሲጀምር ኤፍራይን «በቃ፣ የሚለቅም ማሽን እሠራልሻለሁ» አላት። «መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣራ ሥራልኝ» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን ጀመረ። ማሽኑ ገና ከግማሽ ሳያልፍ፣ ያ የማያባራ የኛ ካፊያ ሳንባዋ ውስጥ ገባና ወሰዳት።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ማሽኑ የተመለሰው ወዶ አልነበረም። እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከላይ ያለው ማፍሰሻ ሄሉን አንድ በአንድ ቀዳዳ ባለው ክብ ዝርግ ላይ ይጥላል፤ አንደኛው ሞተር ዝርጉን ትንሽ ትንሽ እያዞረ ፍሬውን ቀለም ከሚለየው ሴንሰር ሥር ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ሞተር ደግሞ መውረጃውን ወደሚገባው ጣሳ ያዞራል። ሁሉንም የምታዘው የመዳፍ ግማሽ የማታክል ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ እሱ ግን «ቦርዷ» ነው የሚላት።

በመጀመሪያ ሞተሮቹ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ከመጮህ በቀር አልዞር አሉ። የእያንዳንዱ ሞተር ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ጥንዱ ከተምታታ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። በቴስተር እየነካካ የትኛው ሽቦ የየትኛው ጓደኛ እንደሆነ አገኘ። መዞር ሲጀምሩ ደግሞ ቦርዷ ኮረንቲ እያጠራት እየጠፋች እንደገና ትበራለች። ለሞተሮቹ የራሳቸውን ኃይል ሰጥቶ የሁለቱን ኃይል ምንጮች ኔጌቲቭ ሽቦ አንድ ላይ አሰረ። ይህ ሁሉ ሲሳካለት አልተደሰተም። ወደሚቀጥለው ሽቦ ሄደ።

የኦፌሊያ እህትና የለቀማ ጓደኛ ማቲልዴ በየቀኑ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች።

«ዛሬስ በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን?»

ዝም አለ።

«ዝምታ ነዋ የበላኸው! እንካ፣ ይሄንን ደግሞ አላምጥ።»

የመጨረሻው ሥራ ሴንሰሩን አረንጓዴ ምን እንደሆነ ማስተማር ነበር። ከበሩ የሚገባው ብርሃን እንዳያሳስተው በጥቁር ሣጥን ከደነው፤ የራሱንም ትንሽ መብራት አበራለት። ከዚያ ከአልጋው ሥር ሁለት ጆንያ ጎተተ። ኦፌሊያ ከመታመሟ በፊት ዝናቡ መንገድ ሲዘጋባት ቤት ውስጥ የለቀመችው ሄል ነበር፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ። ከሷ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል?

ከአረንጓዴው ጆንያ እየዘገነ አሳለፈ። ሴንሰሩ ለየፍሬው የሚሰጣቸው ቁጥሮች ግን ወዲህና ወዲያ ተበተኑ። አንዱን ፍሬ ሴንሰሩ አረንጓዴ ይለዋል፣ ቀጣዩን ቢጫ። የሴንሰሩን መስታወት ወለወለ፤ አልሆነም። መብራቱን ቀየረ፤ ያው ነው። ከዋና ከተማው ሌላ ሴንሰር አስመጣ፤ እሱም ያንኑ ተናገረ።

ማቲልዴ ስትገባ ራሱን ይዞ አገኘችው።

«ምን ሆንክ?»

«ይሄ ሴንሰር አብዷል። አረንጓዴውን ቢጫ ይለኛል።»

ከጆንያው አንድ እፍኝ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። መዳፏን ዘርግታ ብዙ ቆየች።

«ሴንሰርህ አላበደም» አለች ቀስ ብላ። «ተቀላቅሏል።»

«ኦፌሊያ እኮ ናት የለቀመችው!»

«እሷ ስለሆነች ነው። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ኤፍራይን። ሁሉም ነገር አመድ ይመስለኛል ትለን ነበር።»

«ለማን ነው የምትለው?»

«ለጠረጴዛው፣ ለለቃሚዎቹ ሁሉ። ሁላችንም እናውቃለን። ከጎኗ የምትቀመጠው እትዬ ካንዴላሪያ የእህቴን ክምር ወደ ራሷ ሳብ እያደረገች እንደገና ትለቅምላት ነበር። ገዢው ሲመጣ የኦፌሊያን ሄል ነው የሚያመሰግነው፤ ሁለቴ የተለቀመ አይደል! ይሄኛው ጆንያ ነው እኛ ዘንድ ሳይደርስ የቀረው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስምላን ነዋ። ‹ከሰማ ቤት ያስቀምጠኛል፤ ከማን ጋር ላወራ ነው?› አለች።»

ኤፍራይን ቦርዷን እያየ «እኔንስ ታየኝ ነበር?» አለ።

ማቲልዴ ልትዋሽለት እንደፈለገች ፊቷ ይናገር ነበር። «እርምጃህን ታውቀዋለች» አለች።

የሚመጣ ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ፤ ቁጣም ይሁን እንባ። አልመጣም። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ነበር፤ የራሱ እንደሆነ ያውቃል፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማውም። የሲኒዋን አፍ በጣቷ ስትዳስስ፣ ወጡን ሁለቴ ጨው ስትጨምርበት ትዝ አለው። ያን ጊዜ እሱ አቀርቅሮ ሽቦ ሲያገናኝ ነበር።

«እስቲ አንቺ ልቀሚልኝ» አላት በመጨረሻ። «ትንሽ ይበቃኛል።»

ማሽኑ ከማቲልዴ እጅ ተማረ። ሦስተኛ ጣሳም ጨመረለት፤ ሴንሰሩ የተጠራጠረበት ፍሬ ሁሉ የሚወርድበት። ሲያልቅ በተከራየው ፒካፕ ጭኖ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ወሰደው።

«ይሄ ነው ጣውንታችን?» አለች አንዷ ለቃሚ።

እትዬ ካንዴላሪያ ዞር ዞር ብላ አየችው። «ሐሜት ይችላል?»

«አይችልም» አለ ኤፍራይን።

«እንግዲያው ጠረጴዛችን ላይ አይቀመጥም። እዚያ ጥግ አቁመው።»

ጥጉ ላይ ሲያቆሙት ቀጭ ቀጭ እያለ ይለይ ጀመር። ፈጣን አልነበረም። ግልጽ አረንጓዴውንና ግልጽ ቢጫውን ሲጨርስ፣ የተጠራጠረበትን ሴቶቹ ጠረጴዛቸው ላይ ገለበጡት። ያም ብዙ ስለነበር በማሽኑ ምክንያት ከሥራ የወጣች ለቃሚ አልነበረችም። እትዬ ካንዴላሪያ ባዶውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ቁጭ በል አንተ። ቆሞ የሚያየኝ ሰው አልወድም።»

«መልቀም እኮ አልችልም።»

«ማን ይችላል? ቁጭ በል!»

ከኦፌሊያ ቦታ ተቀምጦ እስከ ማምሻ ለቀመ። ሴቶቹ ስለ ሰው ባል፣ ስለ ቄሱ ጫማ፣ ስለ ጨው መወደድ ያወራሉ፤ አንዳንዴም ስሟን ከወሬው መሃል ጣል ያደርጋሉ፣ ልክ ውሃ ልትቀዳ ወጣ እንዳለች ሰው።

ከማቲልዴ ጋር ሲመለሱ ካፊያው ነበረ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆም አለ።

«በረደኝ» አላት፣ ገርሞት።

«ታዲያ ይበርዳል እኮ» አለችና ከሻሏ ግማሹን ትከሻው ላይ ጣለችለት።

ማሽኑ ዛሬም ማኅበሩ ውስጥ ይሠራል። የሄሉ ብናኝ ሴንሰሩን ቶሎ ቶሎ ይሸፍነዋል፤ ኤፍራይን በየገበያው ቀን እየሄደ ይጠርግለታል። ከጠረገ በኋላ ወዲያው ወደ ሱቁ የሚመለስበት ቀን አለ፤ ወንበሩን ስቦ የሚቀመጥበትም ቀን አለ።