በጣት የማይጠየቅ ሰላም

ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ በቅንጭብ አጥር የተለያዩ ሁለት ግቢዎች አሉ። በአንደኛው ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩት መምህር ሥዩም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰንበቴ ጋር ይኖሩ ነበር። በሌላኛው ሰፈሩ አዴ፣ እናት፣ የሚላቸው የሊበን ተወላጅ አዴ ጃለኔ። ወይዘሮ ሰንበቴ ኦሮምኛ አይሰሙም፤ አዴ ጃለኔ አማርኛ አይሰሙም። በመካከላቸው፣ በቅንጭቡ ሥር ባለች ቀዳዳ የምትሹለከለክ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ የመምህር ሥዩም ልጅ ወለተሐና።

«ሂጂና ንገሪያት፣» ይላሉ እናቷ፣ «ፍየሏ በርበሬዬን ጨረሰችው። ካላሰረቻት አርጄ እበላታለሁ በያት።»

ወለተሐና ሾልካ ትወጣና፣ «አዴ፣ እናቴ እንዴት ዋሉ ትላለች። ፍየልዎ እኛ ጋ ናት፣ ደህና ናት» ትላለች።

«ሰላምታዋን ለራሷ ትያዘውና ፍየሌን ትመልስ። አጥሯን አታጥብቅም እንዴ ይህች ሴትዮ?»

ልጅቷ ደግሞ ተመልሳ፣ «እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ ብላለች።»

በዚህ ዓይነት ሁለቱ ሴቶች ሳይጣሉ ክረምትና በጋ አለፈ። በአጥሩ ላይ መጀመሪያ ጎመን ተሻገረ፣ ቀጥሎ ወተት፣ ኋላም በደስታም በሐዘንም ሰዎቹ ራሳቸው። ወለተሐና ግን ያቺን የቀዳዳ ሥራ አድጋም አልተወቻትም።

በድርቅ ለመጡ የእርዳታ ሰዎች በማስተርጎም ጀመረች። ከዚያ ኤላውን ለማየት የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶችን የምታስጎበኝ ሆነች። ኤላው ወደ አሬሮ ሲወርዱ ከቀዩ አፈርና ከግራሩ መካከል ምድር አፏን የከፈተችበት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። ጎልማሶቹ ከሥሩ እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያሻገሩ፣ እየዘፈኑ ውኃውን ያወጡታል። የዘፈኑን ቃል ወለተሐና ለራሷ ወደ አማርኛ ስትመልሰው እንዲህ ይላል፤

*ነይ ቀንደ ረዥሟ፣ ነይ ባለ ነጠብጣብ፣*
*ተራሽ ደረሰልሽ፣ ውኃው መጣ ቀረብ።*

ይህን ዘፈን ከዚያ ጥልቀት ሲወጣ የሰማ ሰው ውኃው ራሱ የሚዘፍን ይመስለዋል። ወለተሐና ስንት ጊዜ ሰምታው እንኳ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ድምፅ ሲደርሳት የጀመረችውን ንግግር ታቋርጣለች።

የውኃው የተራ አባት አባ ጃታኒ ናቸው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ እንግዳ ወደ ኤላው አፍ የሚቀርበውም በእሳቸው ቃል ነው። ወለተሐናን «ልጄ» ይሏታል። አባቷ መምህር ሥዩም ካረፉ በኋላ በዚያ ድምፅ ልጄ ያላት ሌላ ሰው አልነበረም። ቃሉን የምትጠብቀው እንደ ዝናብ ነበር።

ለእንግዶቿ የምትሰጠው ምክር ከተማው ከኋላ ሳይሰወር፣ መኪናው ውስጥ ይጀምራል። ሾፌሩ ሽመልስ በቃሉ ስለሚያውቀው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላታል።

«መጀመሪያ ሰላም ትጠይቃላችሁ። የሰውን፣ የከብቱን፣ የሣሩን፣ የዝናቡን። ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ አይነሣም፣ ካሜራም አይወጣም። ወተት ከቀረበላችሁ በቀኝ እጅ ተቀበሉ፤ ባትጠጡት እንኳ ቅመሱት። መሬት ላይ የተጋደመ በትር አትሻገሩ። ለውኃው ገንዘብ አታውጡ፣ ውኃ እዚያ አይሸጥም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከብቱ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ከብቱን ጮክ ብላችሁም አትቁጠሩ። የሰውን ከብት መቁጠር ዓይን መጣል ነው።»

እንግዶቹ ሁሉ እሺ ይላሉ። ከዚያ ኤላው አፍ ላይ ይቆሙና ያ ሁሉ ከብት በአቧራው ውስጥ እየተግተለተለ ሲመጣ ሲያዩ እሺታቸው ይጠፋቸዋል። «ስንት ነው?» ወለተሐና ታዲያ ጥያቄውን በቅንጭቡ ቀዳዳ ታሳልፈዋለች፤ «ከብቱ ሰላም ነው ወይ ይላል።» አባ ጃታኒም፣ «ናጋ፣ ሰላም ነው» ይላሉ። እሷም ወደ እንግዳው ዞር ብላ፣ «ዓይንህ እንዳየው ነው ይላሉ።» ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ከልቧ አይወጣም ነበር። ከእሷ በፊት የመጣ ሌላ አስጎብኚ ነበር፤ እንግዶቹ ያላሉትን፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊተክሉላችሁ ነው ብሎ ለሰዎቹ በሐሰት ተረጎመ። ነገሩ ሲገለጥ አባ ጃታኒ ከግራሩ ሥር ቆመው፣ «የሐሰት ቃል የሚያመጣ ሰው ወደዚህ ውኃ አይቅረብ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልታየም። ወለተሐና ያን ስታስታውስ፣ የእኔስ ምን ይባላል እያለች ሌሊቱን ትገላበጥ ነበር።

አንድ ማለዳ ሁለት እንግዶች ይዛ ተነሣች። አንደኛዋ ሄልጋ የሚባሉ ጠጉራቸው የነጣ አሮጊት፣ ሁለተኛው ከጉልበቱ በላይ የቀረ ሱሪ የለበሰው የእህታቸው ልጅ ፒተር። ፒተር ጥያቄ የማያልቅበት፣ ደስ የሚል ሰው ነው። ሄልጋ ዝምተኛ ናቸው፤ በመስኮቱ ኩይሳውን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

ሊበንን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ግመሎች መንገዱን ዘጉት። ሽመልስ መኪናውን አቆመ። ባለ ግመሉ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ናጋ?» አሉ። ወለተሐና አፏን ሳትከፍት ሄልጋ አንገታቸውን አውጥተው መለሱ።

«ናጋ። አካም፣ ደህና ነዎት? ሰዉ ሰላም ነው? ግመሉ ሰላም ነው? ሣሩ፣ ዝናቡ?»

ኦሮምኛው የቦረና ነው፤ ያውም የጠራ። ሽማግሌው በደስታ ሁለተኛ ዙር ጀመሩ። ሄልጋ ወደ ወለተሐና ዞረው፣ እንደ ማፈር ብለው አስረዷት። በወጣትነታቸው ማርሳቢት፣ ኬንያ ውስጥ፣ በቦረኖች መካከል በነርስነት ኖረዋል። ቋንቋውን የረሱት መስሏቸው ነበር።

ወለተሐና ወደ ሽመልስ ዞረች።

«ወልዬ፣» አለ ሽመልስ በአማርኛ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ዛሬ ጉድሽ ፈላ።»

«ዝም በል፣ ሽሜ።»

«ዛሬ እንኳ እንደ ሬዲዮ ቀጥ አድርገሽ ተናገሪያ።»

«ሬዲዮ ሰው አያከብርም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ሬዲዮ ከኤላ ሲባረር አላየሁም።»

ቀጥ አድርጋ ብትተረጉም አባ ጃታኒን በእንግዳ አፍ ትሰድባቸዋለች። እንደ ልማዷ ብታሳልፈው ደግሞ አንዲት ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማ ሴት አጠገቧ ትቆማለች። ሄልጋን አስቀድማ ልትለምናቸው አሰበች። እንዴት ብላ? እባክዎ ስዋሽ አይስሙኝ ይባላል? ለፒተር ብቻ ምክሩን ደገመችለት፤ ቁጥር አትጠይቅ። ፒተር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባ። ቃሉም እስከ ኤላው አፍ ጸና።

አባ ጃታኒ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። «መጣሽ፣ ልጄ?» አሏት። ሰላምታው ተጀመረ፣ ረዘመ፣ አለቀ፤ ሁሉንም በእንግዶቹ ስም የጠየቀችው ወለተሐና ነበረች። ከምድር ሆድ ዘፈኑ ወጣ። ከብቱ በቁልቁለቱ ወረደ፤ ነጩ፣ ቀዩ፣ ባለ ነጠብጣቡ። ፒተር አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ወደ ሽማግሌው ዞሮ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፣ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጠፈ። «ስንት ነው? መቶ? ሁለት መቶ?»

ወለተሐና ሄልጋን አላየቻቸውም። «ከብቱ ሰላም ነው ወይ ይላል» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ቀጭን ሆነባት።

«ሰላም ነው፣» አሉ አባ ጃታኒ። ቀጠሉናም፣ «ይህ ሰው ሱሪውን ምን ነከሰበት? ጅብ ነው? በዚህ ዕድሜው የልጅ ልብስ የሚያስለብሰው ዘመድ የለውም?»

ወለተሐና ወደ ፒተር ዞረች። «ከሩቅ ነው የመጣችሁት፣ ወደ ጥላው ግቡ ይላሉ።»

በዚህ ጊዜ ሄልጋ ሳቁ። አፋቸውን በሁለት እጃቸው ቢይዙትም ሳቁ በጣቶቻቸው መካከል አመለጠ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ «ላይ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጮኸ።

«ቋንቋችንን ትሰሚያለሽ?» አሉ አባ ጃታኒ ወደ ሄልጋ ዞረው።

«እሰማለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ምን አሳቀሽ?»

ወለተሐና መሬቱን አየች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ያ አስጎብኚ የተባለው ይባላል፣ ልጄ የሚለው ቃልም እዚሁ አቧራ ላይ ይቀራል።

ሄልጋ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ማርሳቢት እንደመጣሁ አንዲት አስተርጓሚ ነበረችኝ። ያን ጊዜ ቋንቋውን አላውቅም ነበርና፣ ሰዉ ሁሉ ቀን ከሌት የሚያመሰግነኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ገና ምን ይሉኝ እንደነበር ገባኝ። ያቺ ልጅ ባትኖር አንድ ሳምንት እንኳ አልቆይም ነበር።»

አባ ጃታኒ በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«እኔ ዓይነ ስውር ነኝ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ሰላም በጣት ይጠየቃል? ጥጃ እንኳ ሰላም ሲል ጣት አይቆጥርም። ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሁሉ እዚህ ቆሞ ጣቱን እያጠፈ ሲዘረጋብኝ፣ ይህች ልጅ ሰላም ነው ወይ ትለኛለች።»

«አባ…» አለች ወለተሐና።

«ቆይ። ያ ሰውዬ የሐሰት ቃል ያመጣው ለራሱ ነው፣ ስሙ እንዲከብር። አንቺ ለራስሽ ያመጣሽው የለም። ያቺን ገንዳ ተመልከቻት። ከታች የሚወጣው ውኃ ጭቃ አለው። እዚያ ላይ ይቆያል፣ ይረጋል፣ ከዚያ ነው ለከብቱ የሚለቀቀው። የሚያረጋው ባይኖር ከብቴ ጭቃ ይጠጣ ነበር።» ከዚያ በትራቸውን አነሡ። «አሁን ግን፣ ልጄ፣ የሱሪውን ነገር ሳታረጊ ንገሪልኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ልጄ። ሸክም ያወረደች ሴት ሸክሙ ሳይሆን አለመኖሩ እንደሚያንገዳግዳት፣ ወለተሐና የግራሩን ግንድ ያዝ አደረገች። ከዚያ ለፒተር ነገረችው። ፒተር ባዶ ጉልበቱን ቁልቁል አይቶ፣ እግሬ ፀሐይ ስለሚወድ ነው አለ። አባ ጃታኒ ሳቁ። አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ለመጀመሪያው ሰው ነገረው፤ ያም ከበታቹ ላለው። ነገሩ እንደ ባልዲው ከአንዱ ወደ አንዱ ወረደ። ቆይቶ ከሥሩ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የመጨረሻው ሰው ሳቅ ተሰማ። ወዲያው ዘፈኑ አዲስ ቃል ይዞ ተነሣ፤

*ነይ ቀንደ ረዥሟ፣ ተራሽ ደረሰልሽ፣*
*ሱሪው የጎደለ እንግዳ መጣልሽ።*

ይህንንም ወለተሐና ሳታረጋ ተረጎመችለት። ፒተር የተወደሰ ያህል ደስ አለው። ወተት መጣ፤ በቀኝ እጁ ተቀበለ፣ ግጥም አድርጎ ጠጣው።

ሲመለሱ ሄልጋ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፀሐይዋ በግራሩ አናት ላይ ተዘርግታ ነበር። ወለተሐና ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች፤

*የተጨነቅኩበት መንገድ አለቀልኝ፣*
*ልጄ ያለኝ አፉ ዛሬም ልጄ አለኝ።*

«ድምፅሽ ከሬዲዮ ይሻላል» አለ ሽመልስ።

እንግዶቹን ሆቴላቸው አድርሳ ቤቷ ስትገባ፣ እናቷና አዴ ጃለኔ እንደ ማታ ልማዳቸው ቅንጭቡ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም አርጅተዋል፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ በሥርዓቱ እያበላሸች ትናገራለች። ወለተሐና የዋለችበትን ሁሉ አወራችላቸው። አዴ ጃለኔ በአማርኛቸው፣ «እኔስ?» አሉ፣ «እኔ ምን አልኩ አልሽ፣ ያን ጊዜ፣ የፍየሏ?»

ወለተሐና እናቷን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ አሉ አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች አልሽኝ?»

«እንዴት ዋሉ።»

አዴ ጃለኔ በሳቅ በርጩማውን አንገዳገዱት። «አርጄ እበላታለሁ እያለች ስትጮህ ድምፅዋ ገበያ ድረስ ይሰማ አልነበር? ቋንቋው ባይገባኝ ቢላዋው አይታየኝም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ ወይዘሮ ሰንበቴ።

«እንዴት ዋሉ ተብዬ ምን ልበል? ደህና ዋልሁ አልኳ።»

ወይዘሮ ሰንበቴ እጃቸውን በቅንጭቡ ላይ አሻግረው የጎረቤታቸውን ትከሻ መታ አደረጉ። ወለተሐና ጫማዋን አወለቀችና በሁለቱ መካከል፣ ቀዳዳዋ በነበረችበት ቦታ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዛሬ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።